የሾክ አብዞርበር ጎሚኒና ሮንዴላ፦ ትንሹ ዕቃ የትልቁን መኪና መረጋጋት እንዴት ይወስናል?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ለንግድ ሥራ የማይውሉ ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ሲያደርጉት የቆዩት የደኅንነት ምርመራ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀው ሕግ መሠረት ባለንብረቱ ምዝገባውን ሲያድስ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል እንጂ ፍሬኑን፣ መሪውንና ጎማውን ለመርማሪ ማሳየት አይጠበቅበትም። ዳላስ፣ ታራንት፣ ኮሊንና ዴንተንን በመሳሰሉ ካውንቲዎች የጭስ ምርመራው እንደቀጠለ ነው። የጭስ መለኪያ መሣሪያ ግን ከሻንሲው ሥር ጎንበስ ብሎ አይመለከትም።

ስለዚህም በጋርላንድ፣ በአርሊንግተን ወይም በፕላኖ የሚኖር ባለመኪና ከመኪናው ሥር ያለውን ነገር ራሱ ካላየው ወይም ባለሙያ ካላሳየው ማንም አያይለትም። ከመኪናው ሥር ካሉት ዕቃዎች ደግሞ በዋጋ ከሁሉ የሚያንሱት፣ በቸልታም ከሁሉ ይልቅ የሚታለፉት የሾክ አብዞርበር ጎሚኒዎችና ሮንዴላዎች ናቸው። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ምን ይሠራሉ? ለምን ይበላሻሉ? ሲገጠሙስ ምን ጥንቃቄ ይሻሉ?

ሾክ አብዞርበር በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

ብዙዎች መኪናን ከጉድጓድ ድንጋጤ የሚያድነው ሾክ አብዞርበር ይመስላቸዋል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውና የመንገዱን ምት በመጀመሪያ የሚቀበለው ግን ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ የተጫነውን ኃይል ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውንም መልሶ ይለቃል። ብቻውን ቢተው መኪናው አንድ ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ወደ ላይና ወደ ታች በዋዠቀ ነበር።

ሾክ አብዞርበሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች አስገድዶ ያሳልፋል። በዚህም የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጥና ወደ አየር ይበተናል። ከረጅም የጠጠር መንገድ በኋላ ሾክ አብዞርበሩን የነካ ሰው እጁን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናው ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው። አካሉ በሞላው ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ይዋዥቃል። ጎማው፣ ቸርኬውና አክስሉ ግን በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይርገበገባሉ። በዚህ ርግብግብታ መካከል ጎማው መሬቱን የሚጫንበት ኃይል በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። መሬቱን አጥብቆ ያልያዘ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም በሚገባ አይታዘዝም። ሾክ አብዞርበር የምቾት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ዕቃ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ጎሚኒና ሮንዴላ ለምን አስፈለጉ?

ሾክ አብዞርበሩ አንዱ ጫፉ ከሻንሲው፣ ሌላው ጫፉ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። አክስሉ ግን ቀጥ ብሎ ብቻ አይወጣም አይወርድም። አንደኛው እግር ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አክስሉ ይዘማል፤ ሾክ አብዞርበሩም አብሮት ያዘነብላል። ማያያዣው ብረት ከብረት ቢሆን ኖሮ የሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ይጎብጥ ወይም ይሰበር ነበር፤ የመንገዱም ድምፅ ሁሉ ወደ ሰዎቹ መቀመጫ በገባ ነበር። በመካከል የሚገባው ጎሚኒ ዘንጉ እንዲያዘነብል ይፈቅዳል፣ ንዝረቱን ያለዝባል፣ ብረቱንም ከብረት ይለያል።

ሮንዴላው ደግሞ የጎሚኒው ጠባቂ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኃይሉን በጎሚኒው ወለል ላይ እኩል ያከፋፍላል፤ ጎሚኒው ከቦታው አምልጦ እንዳይወጣም ይይዘዋል። ጠፍጣፋ ተራ ሮንዴላ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳህን የጎደጎደ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

ጎሚኒው ሲያልቅ የሚፈጠረው ችግር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለስላሳ በሚመስል የአስፋልት መንገድ ላይ ጎማው የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ሚሊ ሜትር ልክ ነው። በማያያዣው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ እነዚያ ትንንሽ እንቅስቃሴዎች ወደ ፒስተኑ ሳይደርሱ በክፍተቱ ውስጥ ይጠፋሉ። ሾክ አብዞርበሩ አዲስና ውድ ቢሆን እንኳ በዚያ ቅጽበት እንዳልተገጠመ ይቆጠራል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ሾክ አብዞርበሩ ተለውጦ መኪናው እንደ ቀድሞው «ኳ ኳ» ማለቱን የሚቀጥለው አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ጎሚኒ ተመልሶ ስለተገጠመ ነው።

የዳላስ አየርና አፈር በጎሚኒ ላይ

የዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ለጎማ ቁስ ምቹ ቦታ አይደለም። በዳላስ–ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በጁን 1980 የተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት 113 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ ዓመት ውስጥ 71 ቀናት 100 ዲግሪ ፋረንሃይት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ተመዝግበዋል። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ሙቀቱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወርዷል። አንድ ጎሚኒ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ርቀት መካከል ሳይቀልጥና ሳይሰነጠቅ እንዲኖር ይጠበቅበታል።

ጎማ ከድኝ ጋር ተሞቆ ጥንካሬና የመለጠጥ ባሕርይ እንዲያገኝ የሚያደርገውን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ደርሶበታል። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ያስተሳስራቸዋል። በሙቀት ውስጥ ግን የአየሩ ኦክስጅን እነዚህን ሰንሰለቶች ማጥቃት ይጀምራል። ኬሚስቶች እንደ ግምታዊ መመሪያ የሚወስዱት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የእንዲህ ያለው ለውጥ ፍጥነት በእጥፍ ያህል እንደሚያድግ ነው። ከሞቃት አስፋልት በላይ፣ ከጭስ ማውጫ አጠገብ የሚኖር ጎሚኒ ቶሎ ማርጀቱ አያስደንቅም።

ሁለተኛው ጠላት ኦዞን ነው። በከፍተኛው ከባቢ አየር ኦዞን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ይከላከላል። በመሬት አጠገብ ግን ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ የሚፈጠር ጎጂ ጋዝ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የዳላስ–ፎርት ወርዝን አካባቢ ለኦዞን የተቀመጠውን ብሔራዊ ደረጃ ካላሟሉ አካባቢዎች መካከል መድቦታል። ኦዞን የሰውን ሳንባ ብቻ ሳይሆን ጎማንም ይጎዳል። በተፈጥሮ ጎማ ሞለኪውል ውስጥ ያሉትን ድርብ የካርቦን ትስስሮች ይቆርጣል፤ ከዚያም በላዩ ላይ ትንንሽ ስንጥቆች ይታያሉ።

ለገጣሚው ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። የኦዞን ስንጥቅ የሚፈጠረው ጎማው በተወጠረበት ቦታ ነው። ጎሚኒ ከልክ በላይ ሲጠበቅ መካከሉ ይጨመቃል፤ ጠርዙ ግን ወደ ውጭ ያብጥና ይወጠራል። ስንጥቁም ከዚያ ያበጠ ጠርዝ ይጀምራል። «ይበልጥ ባጠበቅሁት ይበልጥ ይበረታል» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም አፈሩ አለ። ዳላስ የተቀመጠችው ብላክላንድ ፕሬሪ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራ መንገድም ከጊዜ ብዛት ይዋዥቃል። የኢትዮጵያ ገበሬ መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር የዚህ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የአፈር ሳይንስ ሁለቱንም ቨርቲሶል በሚባል አንድ ክፍል ይመድባቸዋል። በበጋ ሰንጥቆ በክረምት የሚጣበቅ አፈር በመንገድ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያየ ሰው የዳላስን መንገዶች ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ፎር ዊል ድራይቭ መኪናውን ከፎርት ወርዝ በስተሰሜን ምዕራብ በብሪጅፖርት ወደሚገኘው ኖርዝዌስት ኦኤችቪ ፓርክ የሚወስድ ሰው በጎሚኒዎቹ ላይ ድንጋይና ጭቃ ይጨምርባቸዋል።

መበላሸቱ እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነው። በዝግታ ሲነዳ በትንሽ ጉብታ ላይ የሚሰማ ደረቅ የብረት ምት አብዛኛውን ጊዜ የማያያዣ ልቅነትን ያመለክታል። ሁለተኛው በዓይን የሚታይ ነው፤ የተሰነጠቀ፣ ወደ አንድ ወገን የተገፋ ወይም ተፈርፍሮ ያለቀ ጎሚኒ ይታያል። ዝገት በሸፈነው ብረት ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በዚያ ብረት ከብረት እየተነካካ ነው። ሦስተኛው በእጅ የሚደረግ ፍተሻ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ሾክ አብዞርበሩ በርዶ ሳለ በእጅ ይዘው ሲነቀንቁት በማያያዣው ላይ ባዶ እንቅስቃሴ መኖር የለበትም።

በሾክ አብዞርበሩ አካል ላይ የሚወርድ ዘይት ከታየ ግን ችግሩ ከጎሚኒው ያለፈ ነው። ያን ጊዜ ሾክ አብዞርበሩ ራሱ መለወጥ አለበት፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ በአንድነት መለወጣቸውም መኪናው በሁለቱም ወገን እኩል እንዲታዘዝ ያደርጋል።

ከመፍታት በፊት፦ ደኅንነት

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለአንዲት የዘይት ማኅተም አደራ መስጠት ነው። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ ወለል ላይ መቆም፣ የእጅ ፍሬኑ መያዝ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በታኮ መታገድ፣ ክብደቱም ለዚሁ በተሠሩ የብረት መደገፊያዎች ላይ ማረፍ አለበት። በቴክሳስ በጋ ለፀሐይ የተጋለጠ አስፋልት ስለሚለሰልስ የመደገፊያው እግር ሊሰምጥ ይችላል፤ ኮንክሪት ወለል ይመረጣል።

ከፍ ብለው የተሠሩ የአስቸጋሪ መንገድ መኪኖች አንድ ጥቅም አላቸው። ከሥራቸው በቂ ክፍት ቦታ ስላለ ብዙ ጊዜ አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ እንዳሉ ሾክ አብዞርበሩን መፍታትና መግጠም ይቻላል። መኪናው መነሣት ካለበት ግን አክስሉም መደገፍ ይኖርበታል። በብዙ መኪኖች ላይ አክስሉ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚገድበው ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ነውና፣ እርሱ ሲፈታ አክስሉ ድንገት ወርዶ የፍሬን ቱቦ ሊወጥር ወይም ሞላውን ከቦታው ሊያስወጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ መፍታት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የዛገ ዳዶ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት አላቃቂ ዘይት ቢረጭበት ይቀላል። ዳዶው ሲፈታ ዘንጉ አብሮ የሚዞር ከሆነ በዘንጉ ጫፍ ላይ በተዘጋጀው የቁልፍ መያዣ መያዝ ይገባል። የሚያንጸባርቀውን የዘንጉን ክፍል በፒንሳ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። በዚያ ላይ የሚፈጠር ጭረት የዘይት ማኅተሙን እየቆረጠ አዲሱን ሾክ አብዞርበር በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል።

የላይኛው አገጣጠም፦ ቅደም ተከተሉ

በብዙ ፎር ዊል ድራይቭ መኪኖች የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ጫፍ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ከታች ወደ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሮንዴላ፣ ጎሚኒ፣ የሻንሲው ብረት፣ ሁለተኛው ጎሚኒ፣ ሁለተኛው ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ በመጨረሻም ዳዶው እንዳይላላ የሚያግደው ሁለተኛ ዳዶ። ከጎሚኒዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ትንሽ ጎልቶ የወጣ ትከሻ ይኖራቸዋል። ይህ ትከሻ በሻንሲው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሥራውም ዘንጉ የቀዳዳውን ጠርዝ እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ጎሚኒው ተገልብጦ ከተገጠመ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

ብዙ ክርክር የሚነሣው ሮንዴላው ወዴት ይዙር በሚለው ላይ ነው። ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ አሠራሩ ከአምራች አምራች ይለያያልና። የሮንዴላው ጎድጓዳ ፊት ወደ ጎሚኒው ሲዞር ጠርዙ ጎሚኒውን እንደ ሳህን አቅፎ ይይዘዋል። ጠርዙ ከጎሚኒው ሲርቅ ደግሞ ዘንጉ በሚያዘነብልበት ጊዜ ብረቱ ጎማውን አይቆርጠውም፤ ለእንቅስቃሴም ቦታ ያገኛል። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የጎሚኒው ቅርጽና የአምራቹ ሥዕል ነው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከዚያም ከመመሪያው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የገጠመው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል የግራውንና የቀኙን ማነጻጸርም አይጎዳም።

ዳዶው እስከ የት ይጠበቅ? አንዳንድ ዘንጎች ሮንዴላው የሚያርፍበት መቆሚያ አላቸው፤ እዚያ ሲደርስ ሥራው አልቋል። ሌሎቹ አምራቹ በወሰነው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ። አምራቹ ልክ ባልሰጠበት ጊዜ ብዙ መካኒኮች የሚከተሉት ምልክት የጎሚኒው ጠርዝ ከሮንዴላው ጠርዝ ጋር እስኪስተካከል ማጥበቅ ነው። ከሮንዴላው አልፎ ካበጠ በዝቷል፤ በጣት የሚዞር ከሆነ አንሷል።

የታችኛው አገጣጠም፦ ክብደቱ መሬት ላይ ሲሆን

የታችኛው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ውስጥ ጎማ፣ በጎማውም መካከል የብረት ቱቦ አለ። ብሎኑ ሲጠበቅ ቱቦው ተቆልፎ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አክስሉ ሲንቀሳቀስ የሚጠማዘዘው ጎማው ነው። ከዚህ የተነሣ ብሎኑ በመጨረሻ መጠበቅ ያለበት መኪናው በራሱ ክብደት ጎማዎቹ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ፣ መኪናው መሬት ላይ ሲወርድ ጎማው ተጠማዞ ይቀራል። ቆሞም ሆነ እየሄደ ያ ውጥረት አይለቀውም፤ ከዘመኑም በፊት ይቀደዳል።

በጋዝ የተሞላ አዲስ ሾክ አብዞርበር ማሰሪያው ሲቆረጥ በራሱ ኃይል ይዘረጋል። ስለዚህ የላይኛው ጫፍ ቦታውን እስኪይዝ ማሰሪያውን አለመቁረጥ፣ ሲቆረጥም ፊትንና እጅን ማራቅ ያሻል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና ይታያሉ። አዲስ ጎሚኒ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይሰጣልና።

የተፈጥሮ ጎማ ወይስ ፖሊዩረቴን?

በዳላስ የመለዋወጫ መደብሮች ከጎማ በተጨማሪ ቀይ ወይም ሰማያዊ የፖሊዩረቴን ጎሚኒዎች ይሸጣሉ። ፖሊዩረቴን ኦዞንንና ዘይትን የተሻለ ይቋቋማል። ነገር ግን ጠንከር ያለ ስለሆነ ንዝረትን ያሳልፋል፤ ተስማሚ ግራሶ ካላገኘም ይጮኻል። አክስላቸው ብዙ በሚዘም የአስቸጋሪ መንገድ መኪኖች ላይ ደግሞ በላይኛው ዘንግ ላይ ተጨማሪ ጫና ያሳድራል። ለዕለት ተዕለት ጉዞ ጥራት ያለው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ጎማውን ለማስገባት የሳሙና ውሃ ወይም የሲሊኮን ቅባት ይበቃል። የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጡታል፤ ያለሰልሱታልም።

ወደ ሀገር ቤት ለሚላክ ዕቃ

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዘመድ መኪና መለዋወጫ በሻንጣ መላካቸው የተለመደ ነው። ጎሚኒና ሮንዴላ ቀላልና ርካሽ በመሆናቸው ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ይሁንና ስሙ አንድ መሆኑ ዕቃው አንድ መሆኑን አያረጋግጥም። የቶዮታ የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት በዳላስ አጠገብ በፕላኖ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች የሚታወቀው ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር በአሜሪካ ገበያ በመደበኛነት አይሸጥም። በአሜሪካ የሚታወቁት እንደ 80፣ 100፣ 200 እና ከ2024 ወዲህ 250 ያሉት ናቸው። ስለዚህ «የላንድ ክሩዘር ጎሚኒ» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የዕቃውን ቁጥር ማመሳከር ይገባል።

ልኬትም ያሳስታል። በአሜሪካ የኢንች መለኪያ 3/8 ኢንች ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር፣ 1/2 ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ሮንዴላ አይገባም፤ ዘንጉ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሁለተኛው ይገባል፣ ግን ይጫወታል። ከመላክ በፊት የዘንጉን ውፍረት፣ የሻንሲውን ቀዳዳ ስፋትና የሮንዴላውን ዳርቻ በሚሊ ሜትር ለክቶ መጻፍ ከብዙ ወጪና መጉላላት ያድናል።

በየስድስት ወሩ፣ ወይም ከእያንዳንዱ አስቸጋሪ ጉዞ በኋላ፣ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር መመልከት ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። የሚታየው ነገር ሦስት ነው፦ ጎሚኒው ሙሉ መሆኑ፣ ሮንዴላው በቦታው መሆኑ፣ ዳዶው አለመላላቱ። የዓመቱ ምርመራ በቀረበት ግዛትም ሆነ ጠጠር በበዛበት የኢትዮጵያ መንገድ ይህን የማየት ኃላፊነት የባለመኪናው ነው።